የቅሬው መዝገብ

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ በባቲው መንገድ ዳር፣
ቅጽ ይዤ ሄድኩኝ፣ ቤት ለቤት ላናግር፤
ሠላሳ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣
አንዱ ገና ሐረጎ ላይ ኪሴ ውስጥ ተደፍቶ።

«የስደተኛ መተላለፊያ በመሆናችሁ
እንደ ማኅበረሰብ ምን ያህል ተጎዳችሁ?
ሀ. በጣም
ለ. በመጠኑ
ሐ. ምንም»

ጋሽ ሙሄዲን ሸማኔው፣ ከጉድጓዱ እግሩን ሳያወጣ፣
መወርወሪያውን ያዝ አርጎ፣ ሳይስቅም ሳይቆጣ፣
«‹በመጠኑ› ያልሽው» አለ፣ «በምንድን ነው የሚለካው?
በክንድ ከሆነ ልንገርሽ፤ እኔ የማውቀው እሱን ነው።»

ቀጠለ፤ ክሩን እንጂ እኔን አላየኝም፦
«መንገድ ለኛ አዲስ አይደለም።
አያቴ በሸመነበት፣ በዚሁ ጉድጓድ አፍ፣
ባለ ግመል፣ ባለ አሞሌ፣ ስንቱ ነበር የሚያልፍ።
እነሱ ግን በቀን ነው፤ ሰላምታ ይሰጣሉ፤
‹የእገሌ ልጅ እገሌ› ብለው ስም ይናገራሉ።
የዛሬዎቹ በውድቅት። ደላላው ከፊት ከፊት፣
ሃያ ልጅ ጫማውን ይዞ፣ አንድ የስልክ መብራት።
ውሻችን እንኳ ለመዳቸው፤ መጮኹን ተወ።

ስለ ጉዳት ከጠየቅሽ፣ ማሽላችን ተረግጧል፤
የምንጯ ውሃ በበጋ ከጎረቤት አጣልቷል፤
ፖሊስ መጥቶ ‹ደብቃችኋል›፣ ደላላ መጥቶ ‹ጠቁማችኋል›፤
ሁለቱም በር ሲመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ይደልቃል።
ጻፊው። ምነው ቆምሽ?»

እመት ጦይባ በዚህ መሀል ከጓዳ ወጣች ጣሳ ይዛ፣
የዘይት ጣሳ፣ የሽቦ እጀታው በእጅ ብዛት የወዛ።
«ልጄ አህመዲን ማታ ማታ በዚህ ያጠጣቸው ነበር፤
አንድ ሌሊት ‹መጣሁ› አለኝ፤ ሰማሁት ሲከፍት በር።
ጠዋት ጣሳው አጥር ላይ፣ አፉ ቁልቁል ተደፍቶ፤
እሱ የለም፤ ሄዷል፣ ከነሱ ጋር ወጥቶ።
ታጥቦ ነው የተሰቀለው» አለች።
«ታጥቦ።»

ጥያቄ አሥራ ሰባት፦ ከቤተሰብ አባል የተሰደደ አለ?
«አለ» የሚለውን ከበብኩት። ክቡ እንደ ጣሳው አፍ ጎደሎ ሆነ፤ አልገጠመም።

ከዚያ የቅሬው ጸሐፊ ይመር ሸምሱ ተጠራ፤
በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር፣ የአባል ስም በተራ በተራ።
ከኋላ በኩል ገለጠልኝ። እዚያ ስም የለም፤ እንዲህ ይላል፦

አንድ ልጅ። ቀይ ሹራብ። ከድልድዩ ሥር። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠናል።
አንዲት ልጅ። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት። ቄስ ከኮምቦልቻ አስመጣን፤ የመኪናው ከቅሬው ሣጥን።
አንድ ሰው። ዕድሜው አልታወቀም። ኪሱ ውስጥ የቤት ቁልፍ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ይመር።

ለነዚህም ጎህ ሲቀድ ለፋፊው ወጥቷል፣ «ቅሬ ውጡ!» ሲል፤
«ማን ሞተ?» ላለው ሁሉ መልሱ «ሰው» ነው፤ ሌላ አይል።

ያን ጊዜ ጋሽ ሙሄዲን እግሩን ከጉድጓድ አወጣ።
«አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፤ ወሬው ወደናንተ ነው የሚመጣ።
እኔም አንድ ልጠይቅሽ፣ አንዲት ብቻ፦
አሸዋው አለ፣ ባሕሩ አለ፣ ከባሕሩም ወዲያ አገር አለ፤
ልጄ ባለፈበት ሁሉ
ቅሬ አለ?»

ቅጹን አገላበጥኩ። ሀ የለው፣ ለ የለው።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ጉሙ መስኮቱን ደፈነ፤
ረዳቱ መልስ ሳይሰጠኝ ደሴ ደረስን፤ እኔም ዝም አልኩ።
ነገ አለቃዬ «ሠላሳ ሦስተኛው ከየት መጣ?» ይለኛል፤
በተረፈው እስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ ጽፌዋለሁ፤
ኅዳግ ላይ መጻፍ ደግሞ ክልክል ነው።

የቅሬውን አሥር ብር ከፍያለሁ። ደረሰኝ አልያዝኩም።
ይመር ስሜን በየትኛው ገጽ እንዳሰፈረው
አልጠየቅኩም።