የጣሳ ሒሳብ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ግንበኛ በጠዋት በጀነሬተር ድምፅ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣
ሰፈር ይሉታል፣ ከአሸዋ በቀር ማንም ሳይሰፍርበት፤
ውሻ እንኳ ወደ ማታ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሻገርበት።

እኔ የመጋዘን ጸሐፊ ነኝ፤ ቁልፍ በአንገቴ አለ፤
ሚስማር በቁጥሩ፣ ብረት በቁመቱ፣ በእጄ ያለፈ ሁሉ ተጽፎ የዋለ።

አዴ ሽቱ ደግሞ የሠራተኛው ቀለብ አብሳይ ናት፤
በጣሳ ትሰፍራለች፣ ጣሳዋም እንደ ዳኛ የታመነላት፤
የወተት ዱቄት ነበር ዱሮ የያዘበት፣
ሥዕሉ ተፍቆ የላሟ ቀንድ ብቻ የቀረበት፣
ጎኑ ጎድጎድ ያለ፣
በማን ጫማ እንደሆነ ለእኔ ያልተባለ።

ባለፈው ጥቅምት ላይ ከዋናው ቢሮ አንድ ወረቀት መጣ፦
«የእህል ወጪ ሁሉ በኪሎ ይመዝገብ፤ በጣሳ አይውጣ።»
ሚዛንም ተላከ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣
ባትሪው ካልደከመ ግራም የሚቆጥር፣ ዝንብ ሲያርፍበት የሚያወራ።

ቁጭ አልን እንግዲህ፣ እኔና አዴ ሽቱ፣ አንድ ቅዳሜ፣
እሷ እየሰፈረች፣ እኔ ግራሙ ውስጥ እስካንገቴ ሰጥሜ።
አስቀድሞ ባዶው፦ መቶ ስልሳ ግራም፤ ይህ ከሁሉ ይቀነስ።
ጤፍ፦ ዘጠኝ መቶ። ክፍተት አይተውም፣ ውሃ ይመስል ሲፈስ።
ምስር ክክ ከጤፉ በጥቂት ይርቃል፤
ገብስ ግን ቦታ እንጂ ክብደት መች ያውቃል፤
ስድስት መቶ ሰማንያ ብሎ ያበቃል።
ቅንጬ፦ ሰባት መቶ፣ ድፍን።
የሽሮ ዱቄት አስቸገረን፦ ዝም ብሎ ሲፈስ አምስት መቶ ሃምሳ፤
መሬት መታ መታ ሲደረግ ጣሳው፣ ስድስት መቶ ስልሳ።
«የቱን ልጻፍ?» አልኳት።
«ድስቱ ምን ብሎሃል?» አለች፣ ቀና ሳትል ከጎነበሰችበት።

ሠንጠረዡ ተሠራ፤ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ በሚስማር ተመታ
(ሚስማሩም ተመዝግቧል)።
ለአርባ ሰው ቅንጬ፦ አሥር ጣሳ፣ ሰባት ኪሎ፣ በየማለዳው፣ ያላንዳች ይሉኝታ።

ወሩ ሲዘጋ ግን
መጋዘን ያለው እህልና ደብተር ላይ ያለው አልተዋወቀም፤
አሥራ ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ይህን አይጥ አይሰርቅም።

ሌባ ፍለጋ ልቤ ወደ ማድ ቤት ሄደ፤
አፍሬ ነው የምናገረው፤ እግሬም ተከተለው፣ ጎህ ሳይቀድ ወረደ።
ከቆርቆሮው ጀርባ ቆሜ አደመጥኩ። ጨለማ ነበረ።
የጆንያው አፍ ተፈታ፤ የመጀመሪያው ጣሳ ወደ ድስቱ ተሻገረ።
«በረከት» አለች።
ሁለተኛው ገባ፤ «አንድ» አለች።
ሦስተኛው፣ «ሁለት»። እንዲህ እንዲህ እያለች
አሥር ላይ አቆመች፤ አሥራ አንድ ጊዜ ግን ጣሳ ገለበጠች።

«የመጀመሪያውስ?» አልኩ ብቅ ብዬ። ደነገጠችና ሳቀች።
«እሱማ ቁጥር አይደለም» አለች፤
«ስሙ መዝገብህ ላይ የሌለ ሰው ቢመጣስ?»
ከዚያም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣
ጣቷን ወደ ብሎክ አርባ ሦስት ዘርግታ፣ ወደ መሠረቱ ጠጋ፦
«አባቴ እዚያ ጋ ነበር ምስር የሚሰፍር።
አንድ ብሎ የጀመረ አንድ ላይ ይቀራል፣ ይል ነበር።»

ለቢሮው ምን ልጻፍ? ቅጹን አገላበጥኩ፤ ለበረከት ዓምድ የለውም።
ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። እንዲህ ያለ ነገር አልታሰበውም።
በስተመጨረሻ ግን አንዲት ጠባብ ቤት አለች፣ «ብክነት» የተጻፈባት፣
ለፈሰሰ ሲሚንቶ፣ ለተሰበረ ብሎኬት የተተወች ናት።
እዚያ አስገባሁት። ሰባት መቶ ግራም፣ በየቀኑ።
«በ» ብሎ የጀመረ እጄን ወደ «ብ» አዙሬ፣ እያየኝ ሚዛኑ።

ኢንጂነሩ ሳያነብ ይፈርማል።
የሚዛኑ ባትሪ ካለቀ ሰነበተ፤ ጠይቄያለሁ፤ ይመጣል ይላል።