የታኅሣሥ መዝገብ

ጀሪካኑን ዘቀዘቅሁት፤ ጠብ አላለም፣
ሌሊት ድንጋይ ሆኖ አድሯል፣ የሚጠጣ ውሃ የለም።
በመጥረቢያው ጀርባ መታሁ፣ ስብርባሪውን ለቀምሁ፣
እንደ ጥሬ በእፍኝ እፍኝ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከተትሁ።
እሳቱ ግን እንደ ሹም ነው፤ ደጅ ጥናት ይወዳል፣
ስትለምነው ያኮርፋል፣ ስትተወው ይነድዳል።

ቤታችን፣ ስሜን ጫፍ ላይ፣ ከደባርቅ የቀን ተኩል መንገድ ናት፣
አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት ጠፍር አልጋ አላት።
ማን እንደ ካባት አላውቅም፤ ነፋሱ ግን ያውቀዋል፣
በየስንጥቁ ስሙን እየጠራ ይገባል፣ ይወጣል።

የቆላ ሰው ክረምት ቢሉት ዝናቡን ነው የሚያስበው፣
እኛ ዘንድ ግን ሌላ አለ፣ በበጋ መሀል የሚገባው፣
ደመና የለው፣ ጎርፍ የለው፤ ፀሐዩም እንደ ሀብታም ዘመድ
ከሩቅ ፈገግ ይላል እንጂ እጁን ወደ እኛ አይሰድ።

ሚስቴ ትሁኔ በበቅሎ ጫኝ ካልሲ ልካልኛለች፤
አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ጥቁር።
«ማን ያይሃል እዚያ ገደል?» ብላለች።
ጭላዳው ያየኛል።

የጠዋት ሥራዬ መዝገብ ነው። የእስክሪብቶው ቀለም ይረጋል፣
በብብቴ እንደ ጫጩት ሳቅፈው ቀስ ብሎ ይነቃል።
«ዋልያ፦ ሰባት፣ ሁለት ግልገል። ጭላዳ፦ ያልተቆጠረ።
ቀይ ቀበሮ፦ ዱካ ብቻ፣ አመዳዩ ላይ የቀረ።
አየር፦ ውርጭ። ልዩ ምልከታ፦ የለም።»

አጣናው ካኮረፈኝ ግን ዘጠኝ ቀን ሞላው።
እሱን የምጽፍበት ዓምድ የት ነው?

የጠቡ ምክንያት ግማሽ ሲኒ ላምባ።
እኔ ለፋኖሱ አልሁ፤ እሱ ለእግሩ ቁርጥማት ሊቀባ።
ከቃል ቃል ወጣ፤ ከአባት አባት ተነሣ፣
«ያንተ ዘር ሲሰስት!» አልሁት፤ ይህቺን ሆዱ አልረሳ።
ዘጠኝ ቀን በአንድ ጣራ ሥር ሁለት አገር ሆነን ከረምን፣
በሶውን ለየብቻ በጠበጥን፣ በየወሰናችን ጠረግን።
«በሩ ይዘጋ» ይላል እሱ፣ ለግድግዳው፤
«ጨው አልቋል» እላለሁ እኔ፣ ለምድጃው።

ዛሬ ከሰዓት ነፋሱ ዞረ። ጅብራው ቅጠሉን አጠፈ፣
ቁራው ከቆርቆሯችን በላይ አንዴ ጮኾ አለፈ።
ማታ የእንጨቱ ክምር ወደ አመዱ ተጠጋ፣
ጥርሴ ከጥርሴ ጋር ያለ ፈቃዴ ሲያወጋ፣
የማዶው አልጋ ጠፍር ሲጢጥ አለ።
ፋኖሱ ከተራበ ቆይቷል፤ አጣናው ቃል አላለ፣
በዳበሳ መጣ፣ ከኋላዬ ተጋደመ፣
ጀርባው ከጀርባዬ እንደ ካብ ድንጋይ ገጠመ።
አራት እግር በአንድ ጆንያ፣ ሁለት ጋቢ አንዱ በአንዱ ላይ፣
ደጅ ከዋክብቱ ሲቅበጠበጡ፣ ውርጭ ሲወርድ ከሰማይ።

ብዙ ቆይቼ፣
«እግርህ በረዶ ነው» አልሁት።
«ላምባ አጥቶ ነው» አለኝ።

ሳቄን ዋጥሁ። እሱም ዋጠ። ጀርባችን ግን ተንቀሳቀሰ፣
የዋጥነው ሳቅ በአከርካሪ አድርጎ ካንዱ ወዳንዱ ደረሰ።
ሽማግሌ አልተቀመጠ፣ ካሣ የከፈለም የለም፤
ብርዱ ነው ነገሩን ያበረደው።
ይቅርታ የሚባለውን ቃል እስካሁን ማናችንም አላልነውም።

ታኅሣሥ አሥራ ሦስት። እስክሪብቶው ያደረው ከእሱ ብብት ነው።
«ዋልያ፦ አምስት። ጭላዳ፦ ጭጋግ ጋረደው።
አየር፦ ውርጭ፣ ከትናንቱ የባሰ። ልዩ ምልከታ፦»
እዚህ ላይ እጄ ቆመ።
አጣናው ቀዩን ካልሲ አጥልቆ መጣ፣
በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበ።
«ላምባ ይላክልን በል» አለኝ። «ሁለት ሲኒ።»

ጻፍሁ።