አስራ አንደኛው መስመር

ቶሊዶ፣ ኦሃዮ፤ በጥር መጨረሻ፣
ሞሚ ወንዙ ረግቶ፣ በረዶው ጥቀርሻ።
ፖስተኛ ነኝ እኔ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣
ሳልከፍት አውቃለሁ የደብዳቤን ክብደት፦
የሠርግ ጥሪ ላባ፣ የባንክ ዕዳ ድንጋይ፤
ይህ ግን ሌላ ነበር፤ ወፍራም ፖስታ፣ ነጭ ላይ
በቀይ የተመታ፦ «ካልፈረሙ አይሰጥም»፤
ላኪው ጠበቃ ነው፤ ጠበቃ አይናፍቅም።

ኢርማ ሳቦ ወጣች፣ ቆማ ፈረመች
የመስታወት ፋብሪካ በተወላት ጣቶች።
«መነጽሬ ጠፋኝ፣ እስቲ አንብብልኝ።»
ማንበብ ሥራዬ አይደል፤ ሥራዬ ማድረስ ነው፤
ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ ደንብ የሚያስበው ማነው?

«በእርስዎ መስመር በኩል፣ ከቤትዎ ኮምፒውተር፣
አስራ አንድ ዘፈን ለዓለም ሁሉ ሲቸር
ደርሰንበታልና፣ ወይ ሦስት ሺህ ዶላር፣
ወይ ፍርድ ቤት ይቅረቡ።» ወረቀት አያፍር።
ዝቅ ብሎም ይላል፦ «የከያኒው ላብ ነው፣
በጣሪያዎ ሥር ሆኖ ሰው የዘረፈው።»

«ኮልቢ!» ብላ ጮኸች ወደ ምድር ቤቱ።
ወጣ የልጇ ልጅ፣ ካልሲው የተቀደደ፣ አስራ አራት ዓመቱ።
«ሠላሳ ዓመት ሠራሁ፤ አንዲት ብርጭቆ እንኳ
በኪሴ አልወጣችም፤ ሌባ አሳደግኩ ለካ!»
«ብርጭቆ ሲወሰድ መደርደሪያው ይጎድላል፤
ዘፈን ግን ብሰጠው እኔም ዘንድ ይቀራል፤
ምናቸው ጎደለ?»
«ብርጭቆውን የነፋው፣» አለች፣ «ምን ይበላል?»
ልጁ መልስ አልነበረው። እኔም አልነበረኝ።

ዝርዝሩን ወረድኩት፣ አንድ በአንድ፣ በጣቴ፤
አስራ አንደኛው መስመር ቆመ አንደበቴ፦
«ቢጫ ካፖርት»።

ሰባ አንድ፣ ዲትሮይት፣ ከጎማ ቤት ጀርባ፣
ግድግዳው ፍራሽ ነው፣ ድምፅ እንዳይገባ፤
ባሱን የመታሁት እኔ ነበርኩ፣ እኔ፣
ኤልሮይ ፒንክኒ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ጠጉር ያለኝ ያኔ።
አርባ ዶላር በእጄ፣ አንድ ሳንድዊች፣ ሻይ፤
«እዚህ ጋ ፈርም» አሉኝ፤ ፈረምኩኝ ሳላይ።
ሸክላው ወጣ፣ ዞረ፣ አገር ሙሉ ተሸጠ፤
ሽፋኑ ግን ስሜን እንደዋጠ ዋጠ።
ባስ መቺ ዕጣው ነው፤ «የባሰ አታምጣ» ብዬ
የፖስታ ቦርሳ አነገትኩ በትከሻዬ።

የከያኒው ላብ ይላሉ። ላቤን ፈለግኩት፤
ከኮሌታዬ ሥር በረዶ ሆኖ አገኘሁት።

«ይሄኛውን» አልኩት፣ «ለምን ወደድከው?»
አቀረቀረ ልጁ። «ባሱ ነው፣» አለኝ፣ «ባሱ ነው።
መሐል ላይ ሁሉም ዝም ሲል እሱ ብቻ ይሄዳል፤
መብራት በጠፋበት ሰው ደረጃ ሲወርድ ይመስላል፤
እንዳይወድቅ የሚፈራ፣ ግን ደግሞ የማይቆም።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ማንም እንዲህ አላለኝም።

«እኔ ነኝ» ልለው አልኩና ዋጥኩት ከነምራቄ።
ይቅር እንዳልለው ዘፈኑ የእኔ አይደለ፤
«ሰረቅከኝ» እንዳልለው፣ ከእሱ በፊት የሰረቁኝ
ደብዳቤ አይደርሳቸውም፤ አድራሻቸውን እንኳ
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ አላየሁ።

አረንጓዴ ካርዷን፣ ፊርማዋን ይዤ ወጣሁ።
ኢርማ በሩን ዘጋች፤ ስታለቅስ ሰማሁ።
ጓንቴ ውስጥ ጣቶቼ በራሳቸው ሄዱ፣
ዝም ያለውን ቦታ፣ ደረጃውን ወረዱ።
ቦርሳዬ ውስጥ ገና ሁለት ነጭ ፖስታ አለ፤
የሚቀጥለው ግቢ ውሻው ጮኸ፣ ዝም አለ።