ከካቡ ወዲህ

የአስረበብ አዞ ሐረግ፣ ከቁስቋም አቀበት፣
እግሩን እዚያው ቀብሮ ከጥላ ከእርጥበት፣
ራሱን ወደኔ ጣለ፣ ፀሐይ ወዳለበት።
ሰኔ ላይ መተርሁት፤ መስከረም ሳይጠባ
ካቡን ዘሎ መጣ፣ ኮሽሜ ውስጥ ገባ።
«ሐረግህን እሰር» ብለው በካቡ አናት፣
«ላም መሰለሽ እንዴ፣ ገመድ የማስርላት?»

የኔ ጠላት ሌላ ነው፤ አበባም የለው፣
ሰርዶ፣ ካፈር በታች ክር የሚፈትለው።
ጽጌረዳዬን ሥር ለሥር ሄዶ ያንቀዋል፤
በማጭድ የመታው ሰው ጭራሽ ያባዛዋል፤
ቢበጠስ፣ ካንዷ አንጓ አሥር ሆኖ ይበቅላል።
አፈሩ ሲርስ ነው፣ በጣት፣ በጉልበት፣
አሥራ ሁለት ክረምት እንዲሁ ሄድሁበት።

ዘንድሮ አስረበብ፣ ልጁ ጋ፣ አዘዞ፣
ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ፣ ከዘራውን ይዞ።
ጥቅምት ደረሰና ነጭ አጣሁ ካቡ ላይ፤
በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ምን እንደነካው ላይ።
ያው ሰርዶ! ከእግሩ ሥር ተብትቦ ይዞታል።
ተንበርክኬ ዋልሁ። ጣቴን ዛሬም ያመኛል።
ሲመሽ ቀና ብዬ፣ ጫፉን በካቡ ጣልሁት፤
ዞሬም ገመድ ፈልጌ እንደ ላም አሰርሁት፣
በኔው በኩል።