ወፏስ?

ሐወሊ፣ አርብ ከሰዓት፣
ፀሐይ አስፋልቱን እንደ ሊጥ ስታለሰልስ፣
የኢብን ኻልዱን መንገድ ሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው
ቅዝቃዜ ሲሸጡ፣
አሮጌዋን በፎጣ ጠቅልዬ ገባሁ፣
ሐኪም ቤት እንደሚወሰድ ሕፃን።

ሻጂ ፎጣውን ፈታ። አልሐምዱሊላሂ፣ አልሳቀም።
የባትሪዋን በር የያዘውን ፕላስተር፣ የተላጠ ጥጓን
በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
ከሆዷ የተደበቀ ቁጥር ፈልጎ አነበበልኝ፦
«እህቴ፣ ይቺ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ጊዜ ዓይኗን ጨፍናለች።»
የሱ ዐረብኛ ከኬረላ፣ የኔ ከወረባቦ፣
መሃል መንገድ ተገናኝተው ተግባቡ።

ሁለት መቶ አሥር ሺህ!
እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ያን ያህል አልጨፈንኩም።

እርሻዬ የሴቶች አዳራሽ ነው፦
በር ላይ ስልክ ሁሉ ይለቀማል፣ በከረጢት ይታሰራል፤
ወንድ አያልፍ፣ ሌላ መስታወት አያልፍ፣
እሷና እኔ ብቻ።
ሙሽራዋ ስትመጣ መብራት ይጠፋል፤
አንድ ጨረር ከላይ ይወርዳል፣ ያውም ፊቷን ትቶ ቀሚሷ ላይ።
ሲነጋ ኡሙ ፈዋዝ እጇን ትዘረጋለች፤
ካርዱን አውጥቼ እሰጣለሁ። ሠላሳ ዲናር።
ሺህ ሙሽራ በዓይኔ ዳርኩ፣
አንዷም እኔ ዘንድ የለችም።

ሦስት አሰለፈልኝ፣ እንደ ሚዜ።
የመጀመሪያዋ ላባ ናት፤ ስይዛት እጄ ይረሳታል።
በመስኮቷ አረንጓዴ ሳጥን ትዋኛለች፣ ፊት ፈላጊ።
«ራሷ ታገኘዋለች፣ አንቺ ጣትሽን ብቻ» አለና
ወደ እኔ አዞራት።
ሳጥኗ በፊቴ አለፈች፣ ሰላምታ እንደሚነሳ ጎረቤት፣
ከኋላዬ ፖስተር ላይ በምትስቀው ነጭ ሴት
ጉንጭ ላይ አረፈች።
ሻጂን ሳል ያዘው።
«መብራቱ ነው።»
መብራቱ መሆኑን አውቃለሁ። ሁሌም መብራቱ ነው።

ሁለተኛዋ ከበድ ትላለች።
መብራት አጥፋልኝ አልኩት።
«የሱቁን?»
የሱቁን።
አጠፋው። ደንበኛ አጉረመረመ፣ አንድ ግብፃዊ ሳቀ፤
በጨለማው ሳጥኗ አንዴ ዞረች፣
አንዴ አመነታች፣
መጥታ ዓይኔ ላይ ቆመች።
ስንት ነው?

ሦስተኛዋን አላየኋትም።
ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት አለ፤ ወላሂ አለ፤
እኔም ወላሂ አልኩ፤ አላህ ሁለታችንንም ታዘበን፤
ሁለት መቶ ስልሳ ላይ ደከመን።
«ለአሮጌዋ አሥራ ሁለት ልቀንስልሽ፣ ለመለዋወጫ ትሆነኛለች።»
ሥጋ ቤት የቆምኩ መሰለኝ።
ፎጣዬን መልሼ ጠቀለልኩ።

ውጭ ሰው አስይዤ ተነሳሁ፣ ለሙከራ፣
አቧራ ከጠጣ ሰማይ ሥር።
ጥርት ያልኩ ነኝ። ግን ነጥቧ የለችም።

አልነገርኳችሁም ለካ፦
አሮጌዋ ዓይን ውስጥ ጉድፍ አለች፣
ከግራ ከላይ፣ የጤፍ ፍሬ ታህል፣
ብነፋት ብጠርጋት የማትወጣ።
ሠርግ ላይ ከጣሪያው ጌጥ ትቀላቀላለች፤
ለቤት በምልከው ፎቶ ግን ሰማይ ላይ ትቀመጣለች፤
ሳልሚያ ባሕሩ ዳር፣ ፈሃሂል ገበያ፣
ጣሪያ ላይ ከውሃ ታንከሩ ጎን፣
ሁሌ እኔ፣ ሁሌ ከግራዬ ከፍ ብላ እሷ።
የእህቴ ልጅ ረውዳ፣ በአራት ዓመቷ፣
«አክስቴ፣ ወፍሽ ምን ትበላለች?» አለችኝ።
ጉድፍ ናት አላልኩም።
ሩዝ፣ አልኩ።
ስድስት ዓመት ሩዝ አበላናት፣
አንድ ረመዳን ላይ እንዳትጾም ተከራከርንላት።

አዲሱን ፎቶ ላክሁ።
«አክስቴ፣ ፊትሽ አማረ» አለች።
ቀጥሎ፣ ለብቻው፦
«ወፏስ?»

አሥር ዓመቷ ነው። ታውቅ ይሆናል፤
አውቃም ልትፈትነኝ ይሆናል።
ፌርማታው ጥላ ሥር ፎጣውን ፈታሁ።
ባትሪዋ ለአንዲት ጭፈና ይበቃት እንደሆን እንጃ፤
ፕላስተሩን በጣቴ ተጭኜ
ወደ ሰማይ አቀናኋት።