ከአልጋ እስከ በር

ከአልጋዬ እስከ በሬ አራት እርምጃ ናት፤
ሦስቱን እችላለሁ፣ አንደኛዋን ፍራት።
ሌቱን አብሮኝ ተኝቶ የግራ ተረከዜ
ሚስማር ሆኖ ይነሳል የመነሻዬ ጊዜ።
ግድግዳውን ይዤ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣
ልጄ እንዳትሰማኝ ድምፄን መልሼ
ሁለተኛዋ ላይ እደርሳለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ፣
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ቤት፣ በሁለት መኪና መሃል፤
ክር ሲበጠስ እሮጣለሁ፣ ክር ሲበጠስ እቀጥላለሁ፣
ሲሚንቶው ግን አይበጠስም።
ብናኙ ቅንድቤ ላይ ሲያርፍ "ሸበትሽ ጦይባ" ይሉኛል፤
እኔ ያረጀሁት ከታች ነው።

በዚያ በሸሸንበት ጥቅምት፣ "እግሬ አውጪኝ" ብዬ
እስከ ደብረ ብርሃን ያወጣችኝ ይህችው እግር ናት፤
ብድሯን ሳልመልስ ከረምኩ።
አሁን እሷ "ጦይባ አውጪኝ" ስትለኝ፣
በየት በኩል?

ጎረቤት መድኃኒት አያጣ።
እትዬ ዘርትሁን "ብርድ ነው፣ በቅቤ ይታሽ" አሉ፤
የሐርቡው ወጌሻ ጎትቶ ለአንድ ቀን ፈወሰኝ፤
አጎቴ ሙሄ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ
"አብሽሪ፣ ሐኪምም ጋ ሂጂ" አሉኝ፣
"ያም የአላህ በር ነው።"

የደሴ ዳገት በተረከዝ አይወጣም፤ በጣቴ ወጣሁት።
ዳምጠው የሚባል ፊዚዮቴራፒስት፣ ጢሙ ገና የሚጠራጠር ልጅ፣
ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳው፤
የጦሳ ጭጋግ በአጥንቴ ውስጥ አለፈ።
"ይቺ እሾህ የመሰለች አጥንት ስሟ ነው የከፋ" አለ፣
"የደከመው ከሥር ያለው ጅማት ነው፣
ልክ እንደምትጠብቂው ድር፣ ተወጥሮ የኖረ።"
ከአልጋ ሳትወርጂ ጣቶችሽን በፎጣ ሳቢ፣ ሠላሳ ቁጠሪ፤
ደረጃ ጫፍ ቆመሽ ተረከዝሽን ወደ ታች ስደጂ፤
በረዶ የሆነ ጠርሙስ ከእግርሽ ሥር አንከባልዪ፤
ይህን ኮንጎ ጫማ ጣዪልኝ።
"ስንት ቀን?"
"ወራት።"
እኔ የወር ደሞዝ እንጂ የወር ትዕግሥት የት አውቄ!

ከዚያ ፋንታዬ መጣች።
እናቷ ያወጡላት ፋንግ ነው፤
ኮምቦልቻ የቻይና ስም አይሆንለትም፣
ፋንታዬ ብሎ አገሬ አደረጋት።
ባሏ መኪና ሊተክል መጣ፣ እሷ መርፌ።
ተረከዜን ላሳይ ሄጄ "ምላስሽን አውጪ" አለችኝ፤
የእጄን ትርታ በሦስት ጣት አዳመጠች፤
"ተረከዝ የኩላሊት ደጅ ነው" ስትል
አስተርጓሚው አፈረ፣ እኔ ሳቅሁ።
ከቁርጭምጭሚቴ ጀርባ አራት መርፌ፣ ከፀጉር የቀጠነ፤
ሥራዬ ክር ነውና ቅጥነት አውቃለሁ።
የደረቀ ቅጠል ጠቅልላ ለኮሰች፤ ሽታው ሲደርሰኝ
"ይቺማ የጭቁኝ እህት ናት!" አልኩ፤
ባሕር ተሻግሮ የጓሮዬ ዘመድ መጣልኝ።

ግማሽ ሰዓት ተኛሁ። በቀን።
እንግዲህ መርፌው ይሁን፣ ጭሱ ይሁን፣
ወይስ "ስንት ሰዓት ትቆሚያለሽ?" ብላ ጠይቃ
መልሱን ቁጭ ብላ መጠበቋ፣
እኔ ምን አውቄ።

ልነሳ ስል "ፎጣውስ?" አለች፣ በራሷ አማርኛ።
ዳምጠውም ሊቆጣ ነው ብዬ ስፈራ
"መርፌው አዲስ፣ ከማሸጊያው የወጣ ይሁን" አለ፤
"እምልልሽ በእሱ አይደለም፤ ካቀለለሽ ግን አልጣላውም።
ፎጣውን ግን..."
"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ሠላሳ።"

ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤
የተገናኙት እኔ እግር ላይ ነው።
ፈረቃ መሪያችን አባተ ደግሞ፣ ስለምነው ከርሞ፣
ከአሮጌ ጎማ ምንጣፍ ቆርጦ ከመኪናዬ ሥር አነጠፈልኝ፤
የእሱን መድኃኒትነት ማንም አይጽፈውም።

ዛሬ፣ የሐምሌ ማክሰኞ፣ ቦርከና ሲጮህ ነቃሁ፤
ልጄ ቁልፍ ጠፍቷት "እምዬ!" ስትል ተነሳሁ።
በሩን ከፍቼ ነው ትዝ ያለኝ፤
አንደኛዋን እርምጃ ረግጬ አልፌያታለሁ፣
ስሟን ሳልጠራ።

ተመልሼ ጋደም አልኩ፣
እንደገና ልነሳ።