የመንታ ሆድ

እኔና ይመር መንታ ነን፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ
ሌሊት ገብተን ክር ስንቀጥል፣ ጎህ ስንጠብቅ፣
ካንድ ትሪ ነው የምንጎርስ፤ ሩዝ ቢሉን ሩዝ፣ ዳቦ ቢሉን ዳቦ።
እሱ በልቶ ያፏጫል።
እኔ በልቼ፣ ሀረጎን እንደሚወጣ ተሳቢ፣
አቃስታለሁ፤ ዓይኔ ይከብዳል፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል።

«ዓይን ነው» አለች አክስታችን ዘሀራ።
«ስንፍና ነው» አለ ፈረቃ መሪው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤
የኔን ግን ያወጣችው ዘምዘም ናት፣ የጤና ጣቢያዋ፣
ሳቅ የማታበዛ፣ «ምናልባት» የሚል ቃል የምትወድ።
አንድ ትሪ፣ አንድ እራት፣
ሁለት ጣት፣ ሁለት ጠብታ ደም፤
የኔ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት፣ የይመር መቶ አራት።
«ማሽኑ ነው የዋሸው» አለ ይመር። ደግማ ወጋችን።
ማሽኑ አልዋሸም።

«የምትጎርሱትን ብቻችሁን አትበሉትም» አለችን።
«ሆዳችሁ ውስጥ ከሰኞ ገበያ የሚበልጥ ሕዝብ ሰፍሯል፣
ዓይን የማያየው።
የባቄላ ገለፈት እየፈተለ የሚኖር አለ፣
ገብስ ሲሸተው የሚነቃ አለ፣
ስኳር ሲመጣ በሩን ወለል አድርጎ የሚተኛም አለ።
በማን ሰፈር ማን እንደበዛ፣
ልዩነቱ፣ ምናልባት፣ ከዚያ ነው።
በልጅነቱ የታመመ ማናችሁ?»

እኔ ነኝ። ቦሩ ሜዳ፣ ስድስት ወር፣ ክኒን በክኒን ላይ፤
ይመር ከመስኮቱ ውጭ የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልል።
ሳንባዬ ተረፈ፤
ዕዳውን ሆዴ ሲከፍል ኖሯል። ምናልባት።

አሥራ አምስት ቀን በደብተር ጻፍን።
ቆሎ በላን፤ እኔ ረጋሁ፣ የይመር ሆድ ከበሮ ሆነ።
ሙዝ በላን፤ እሱ ምንም፣ የኔ ቁጥር ጦሳን ወጣ።
እርጎ ሁለታችንንም ዝም አለን።
ንፍሮ አስቀድሜ ዳቦውን አስከትዬ ስበላ
ቁጥሬ አቀርቅሮ ወረደ፤
ያን ሌሊት ማሽኔ አጠገብ አላንቀላፋሁም።

እኛ ጣቃውን ላገር ሁሉ አንድ አድርገን እንሸምናለን፤
ትከሻ የሚለካው ግን ሸዋ በር ያለው ልብስ ሰፊ ነው፣
ሜትሩን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ «ቀጥ በል» እያለ።
እህልም ልብስ ሰፊ ይፈልጋል ለካ!

ቅዳሜ ደሴ፣ እናታችን ዘንድ፣
ይመር ትሪውን አዞረና
በማንኪያ ጫፍ መሃሉ ላይ መስመር አሰመረ፤
ንፍሮው ወደኔ፣ ዳቦው ወደሱ።
እናታችን መስመሩን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።
«ልጆቼ፣ ሆድና ጀርባ ሆናችሁ?»
«የለም እማ፤ ሆድና ሆድ ነን።»
«የኔስ ሆድ አንድ ነበር» አለች፤
ካንዱ ንፍሮ አንድ ጭብጥ ዘግና
መስመሩን አሻግራ ይመርን አጎረሰችው።
እምቢ አላላትም።

ሌሊቱን ሁሉ ሆዱ ሲያጉረመርም ሰማሁት።
«አብሽር» አልኩት በጨለማ።